ጋሽ ኸድርና የአባቴ ታክሲ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ከልደታ ወደ ቤቴ የሚያደርሰኝ መኪና ጠርቼ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ወጣት ነው። ሬዲዮውን ሲከፍተው ከዜና አንባቢዋ ድምፅ ጀርባ ቀጭን ጩኸት ተከትሎ መጣ። ነዳጅ ሲረግጥ ይቀጥናል፤ እግሩን ሲያነሳ ይወርዳል፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ ጆሮ ስር እንደገባች ትንኝ ያለቅሳል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለኝ።

«ማሳው ላልቶ ይሆናል» አልኩት። «ጥቁሩ ገመድ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበትን ቦታ ቀለሙን አስፍቅና እንደገና አስጠብቀው።»

በመስታወቱ ቀና ብሎ አየኝ። «መካኒክ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም» አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የምናልፈው በድሮ ሰፈሬ ነበር። ጠባቦቹ መንገዶችና የቆርቆሮ አጥሮቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ በቦታቸው ኮንዶሚኒየሞቹ ቆመዋል፣ በየበረንዳው የተሰጣ ልብስ በዝናብ ርሷል። የጋሽ ኸድር ቤት የትኛው ሕንጻ ያረፈበት ቦታ ላይ እንደነበር ለማወቅ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ጋሽ ኸድር የመኪና ቴፕ ገጣሚ ነበሩ። ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው መንገድ፣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ተለይተን እንኖር ነበር። በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው አንድ አርመን የከፈተው ሬዲዮ ቤት ውስጥ ሥራ ተማሩ፤ አርመኑ ሲሞት ዕቃቸውን ይዘው እኛ ሰፈር ገቡ። የሥራ ክፍላቸው ከመኖሪያቸው ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ ወረቀታቸው የተቀደደ ስፒከሮች፣ የተጠቀለሉ ቀይና ጥቁር ገመዶች፣ ሆዳቸው የተከፈተ ቴፖች ተሰቅለዋል። እርሳስ ሲያቀልጡ የሚወጣው ጭስ ጣፈጥ ያለ፣ ግን ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነበረው። በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ መኝታችን ድረስ ይመጣ ስለነበር እኔ ለረጅም ጊዜ የጠዋት ሽታ ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ታክሲ ያለ ሙዚቃ ሰው አይጭንም ነበር። ተማሪው ዝም ያለውን ሚኒባስ አሳልፎ የሚደበድበውን ይጠብቃል። ሹፌሮች ሁሉ የሚፈልጉት ያንኑ ነው፣ ይደብድብ፣ መስኮቱ ይንቀጥቀጥ። ጋሽ ኸድር ይህን ሲሰሙ ፒንሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና፣

«እኔ የምገጥመው ድምፅ ነው። ጩኸት ከፈለግህ ጥሩምባህ አለልህ» ይላሉ።

እየሳቁ የሚቀመጡ ነበሩ፤ እየተሳደቡ የሚሄዱም ነበሩ። የሄዱት ደግሞ ሌላ ቦታ አስገጥመው፣ ስፒከራቸው ከተቀደደ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

አባቴ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነበረው። ረዳቱ የእናቴ ወንድም ወርቁ ነበር፤ ሠላሳን ያለፈ፣ ያላገባ፣ ከእኛው ጋር የሚኖር ሰው። እናቴ እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ በእጇ ያሳደገችው ስለሆነ ከእኔ እኩል ልጇ ነበር ማለት ይቻላል። አባቴ ለታክሲው አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ገዝቶ ለጋሽ ኸድር የሰጠው እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ሁለቱንም ቀን አጠገባቸው ቆሜ አየሁ።

ወፍራሙን ቀይ ገመድ በቀጥታ ከባትሪው አወጡት፤ ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ የመስታወት ፊውዝ አስገቡበት። ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ቀጭን ገመድ ግን በዚያ በኩል አላሳለፉትም፤ ወንበሮቹን ነቅለው በሌላኛው ጎን ወሰዱት።

«ለምን በአንድ ላይ አያስሯቸውም?» አልኳቸው።

«ወፍራሙ ጉልበተኛ ነው፣ ያንገራግራል። ቀጭኑ ደግሞ የሰማውን ሁሉ ይናገራል። ጎን ለጎን ካስተኛኋቸው የሞተሩን ወሬ በሙሉ ስፒከሩ ላይ ይዘከዝከዋል።»

ጥቁሩን ገመድ ሊያስሩ ሲሉ የመኪናውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ላሜራው ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ፋቁት። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ እንዳልታሰረ ነው አሉ። ስፒከሮቹን በትንሽ የድንጋይ ባትሪ እየነኩ ሁለቱም ወረቀቶች አንድ ላይ ወደ ውጭ መውጣታቸውን አዩ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ ሁለቱ እየተጣሉ ወፍራሙን ድምፅ ይገድሉታል። ከዚያ እኔን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«ሰኑ፣ ያንቺ ጆሮ ገና አልቆሸሸም። ዘፋኟ ‹ሰ› ስትል ምራቅ እንደምትተፋ ከሆነ ንገሪኝ።»

ካሴት ከተው የቴፑን ድምፅ ከፍ አደረጉ፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ቀስ እያሉ አዞሩ። ድምፁ ሰፋ፣ መኪናውን ሞላው፣ ደረቴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዘፋኟ ተፋች። «አሁን!» አልኩ። ብሎኑን ጥቂት መለስ አደረጉት፤ የሴትዮዋ ድምፅ ጠራ። አጠገቤ ተቀምጣ የምትዘፍን ነበር የመሰለኝ፤ ትንፋሿን ስትስብ ይሰማ ነበር። ወርቁ በሩ ላይ ተደግፎ አይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

አባቴ ግን «ትንሽ ጨምርበት እንጂ ኸድር» አለ።

«ይርጋ፣ ድምፅ የሚሰነጠቀው ስለጮኸ አይደለም። ከአቅሙ በላይ ስትጠይቀው ነው። ይችን ብሎን እንዳትነካ። ፊውዙ ከተበጠሰ ደግሞ ወደ እኔ ና። ፊውዝ የተሠራው ገመዱ ከመጋሉ በፊት እንዲበጠስ ነው፤ በሌላ ነገር እንዳትተካው።»

አባቴ እሺ አለ። ለሁለት ወር ያህልም እሺ እንዳለ ቆየ።

ከዚያ በዚያው መስመር የሚሠሩ ሌሎች ታክሲዎች የሚያናውጥ ነገር አስገጠሙ፤ ተሳፋሪው ወደዚያ ይሮጥ ጀመር። አባቴ መርካቶ ሄዶ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ይዞ መጣ። ጋሽ ኸድር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ማሽን አራቱን አይችልም። ወይ ሌላ ማሽን ጨምር፣ ወይ እነዚህን መልስ» አሉት። አባቴ አልመለሰም። ግቢያችን ውስጥ ወርቁ ገመድ እያቀበለው ራሱ አራቱንም በአንዱ ማሽን ላይ ቀጠለና ብሎኗን እስከ መጨረሻው አዞራት። ዘፈኑ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ቆርቆሮ ሆነ። ቢሆንም ይጮሃል፤ ተማሪዎቹም ተመለሱ።

ፊውዙ በሳምንቱ ተበጠሰ። አዲስ ገዛ። እሱም ተበጠሰ። ሦስተኛው የተበጠሰው እሁድ ጠዋት፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ በሆነበት ሰዓት ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብልጭልጭ ወረቀት እሰበስብ ነበር። በጥፍሬ እያሸሁ አለሰልሰውና በደብተሬ ገጾች መሃል አስቀምጠዋለሁ። ሰፈር ውስጥ የእኔን ያህል ያለው ልጅ አልነበረም።

«ሰናይት፣ ከዚያ ወረቀትሽ አንድ አምጪልኝ» አለኝ አባቴ።

በጣም የለሰለሰውን መርጬ ሰጠሁት። ፊውዙን በወረቀቱ ጠቅልሎ ቦታው መለሰው። ዘፈኑ ጮኸ። አባቴ ጉንጬን ሳመኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲመለሱ፣ ከፊት ወንበር ስር ጭስ ወጣ። አባቴ ዳር ይዞ ቆመ። ወርቁ በሩን ከፍቶ ሰዉን አስወረደ። ሁሉም ወርደዋል ሲባል አንዲት እግረ ደካማ አሮጊት ከመጨረሻው ወንበር መነሳት አቅቷቸው ቀርተዋል። ተመልሶ ገባ። አሮጊቷን በመስኮት አሳልፎ ለሰዎች ሰጣቸው። እሱ ከመውጣቱ በፊት የወንበሮቹ ስፖንጅ ተያያዘ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየ፤ በአራተኛው ቀን አረፈ።

ድንኳናችን ውስጥ ጋሽ ኸድር ከጥግ ተቀምጠው ነበር፤ ራሳቸውን በእጃቸው ይዘው። በሁለተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች መጥተው በር ላይ ጠሯቸው። ማን እንዳስጠራቸው ወዲያው ታወቀ። አባቴ ቃሉን ሲሰጥ «ቴፑን የገጠመው ኸድር ነው፤ እሳቱ የተነሳው ከዚያ ነው» ብሎ ነበር። ውሸት ነው ለማለት እንኳ የማይመች ቃል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ያለው ብቻ ቀርቷል።

እናቴ ከድንኳኑ ወጥታ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ የጋሽ ኸድር በር ላይ ቆመች። «ወንድሜን አቃጠልክብኝ! በእጄ ያሳደግኩትን አቃጠልክብኝ!» እያለች በሩን በመዳፏ መታችው። የጋሽ ኸድር ባለቤት እትዬ ዘሐራ ከውስጥ ሆነው ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ቀና ሳይል ተቀምጦ ነበር። አየሁት። እሱም እንዳየሁት አወቀ። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴና እኔ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ጋሽ ኸድር በዋስ የተለቀቁት ከሳምንታት በኋላ ነው። ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የቆርቆሮ ቤቷ በር ገርበብ ብሎ አየሁና ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ሥራ ሳይዙ ተቀምጠዋል።

«ነይ ሰኑ።»

«ጋሽ ኸድር... እኔ... ወረቀቱን...»

እጃቸውን አነሱ። ያቺን እጅ እስካሁን አያታለሁ፤ ጣቶቿ በእርሳስ የተጠባበሱ።

«አውቃለሁ። የተቃጠለውን መኪና አሳይተውኝ ነበር። ፊውዙን ከፈትኩት፤ ወረቀቱ ውስጡ ቀልጦ ተጣብቋል። እዚህ ሰፈር ያንን የሚሰበስበው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ለፖሊሶቹ ነገሯቸው?»

«ተነካክቷል አልኳቸው። ማን ነካካው፣ ምስክር አለህ አሉኝ። የለኝም አልኩ።» ፒንሳቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። «ልጅን በአባቷ ላይ አላስመሰክርም። እናትሽ ወንድሟን ቀብራለች። ባሏን ደግሞ እኔ አልወስድባትም።»

«ግን ሁሉም ሰው እርስዎን ነው የሚለው።»

«ይባል» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቃላቸው አልጸናም። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ አምጪ ተባልሽ፣ አመጣሽ። ሌላ ያደረግሽው ነገር የለም። ለማንም እንዳትናገሪ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ እናትሽ እዚህ እንዳታይሽ።»

ወጣሁ። ዝም በይ ስላሉኝ ዝም አልኩ። ያኔ ዝምታው ለእሳቸው የማደርገው ነገር ይመስለኝ ነበር። ሳድግ የተረዳሁት ግን ዝም ማለቴ የጠቀመው እኛን ብቻ እንደነበር ነው።

ጉዳያቸው ከዓመት በላይ ፈጀ። በቀጠሮ ቀን ከቤታቸው እስከ ፍርድ ቤቱ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ሰፈራችን ቅርብ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ያያቸዋል። በመጨረሻ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ። ማስረጃ አልተገኘም ማለትና አላጠፋም ማለት ግን ሰፈር ውስጥ አንድ አይደለም። ሹፌሮቹ መምጣት አቆሙ። ልጃቸውን ነስሩን ትምህርት ቤት «የገዳይ ልጅ» እያሉ ይደበድቡት ነበር፤ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሥራ መማሩን ተወ። ጋሽ ኸድር የእጅ ባትሪና የአሮጊቶች ሬዲዮ እየጠገኑ ቀሩ። የሌላ ሰው መኪና ቅጥ ባጣ ድምፅ እየጮኸ በበራቸው ሲያልፍ ሥራቸውን አቁመው እስኪርቅ ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጆሮሽን አውሺኝ ብለውኝ አያውቁም።

አባቴ መሪ ድጋሚ አልያዘም። አንድ መጋዘን ጥበቃ ተቀጠረ። በጋሽ ኸድር በር ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ዞሮ ይመጣ ነበር። ግን ግድግዳው ያው አንድ ነው። ሲያስሉ እንሰማለን፤ እነሱም የእኛን ይሰማሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጭቃ ግድግዳ ግራና ቀኝ አሥር ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተብሎ ቤቶቹ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ሲደረግ እኔ ሥራ ይዣለሁ። የእነ ጋሽ ኸድር ዕቃ የተጫነው ከእኛ በፊት ነበር። አባቴ በራችን ላይ ቆሞ ያያል። ነስሩና አንድ ተሸካሚ የሥራ ጠረጴዛውን ማንሳት አቃታቸው። ጋሽ ኸድር ቀና ብለው አባቴን አዩት።

«ይርጋ፣ እንግዲህ ደህና ሁን» አሉት።

አባቴ ሄዶ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘና አብሮ አነሳ። መኪናው ላይ ከጫኑት በኋላ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ዝም ብሎ ወደ ቤት ገባ። እናቴ መጋረጃዋን ዘግታ ነበር።

ከዚያ ሁሉም ተበተነ። የጋሽ ኸድርን ሞት የሰማሁት ከአረፉ ከወራት በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ካገኘሁት አንድ የድሮ ጎረቤት ነው። እናቴ ከእሳቸው ቀጥላ ሞተች፤ ጋሽ ኸድርን ሳትምር፣ ባሏን ሳትጠረጥር። አባቴ ታሞ በተኛበት ወራት አንድ ቀን «ኸድር የት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። አርፈዋል አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሌላ ነገር ይላል ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ። አላለም።

የአባቴ ዓመት ከወጣ በኋላ የሆነውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት። አጠያይቄ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ዘሐራን አገኘኋቸው። አይናቸው ደክሟል፤ ስሜን ስነግራቸው ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱኝ። ተቀምጬ በአፌ ነገርኳቸው። ነስሩ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

እትዬ ዘሐራ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ለእኔም አልነገረኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር አልነገረኝም። እኔም እኮ... ሰው ነኝና፣ ተሳስቶ ይሆን እያልኩ በልቤ ጠርጥሬዋለሁ። አንድ ቀን ጠየቅኩት። አየኝና ወጥቶ ሄደ።» በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «ያን ቀን ነበር የጎዳሁት።»

ወረቀቱን ለነስሩ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። የተናደደ አይመስልም፤ የደከመ ነው የሚመስለው። አጣጥፎ በእጁ ያዘውና፣

«ለማን ላሳየው?» አለኝ።

 አባቱን ገዳይ ያለው ሰፈር ዛሬ የለም። ሰዎቹ በየከተማው ጫፍ ተበትነዋል፤ ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ደግሞ ያመኑትን እንዳመኑ ሄደዋል።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የድሮ ሰፈራችን ሰዎች የትም ቢገቡ ለዚያች ቀን ይመጣሉ። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ አጥሩ ስር አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ እናት አገኘሁ፤ ልጆቼን ጠየቁኝ፣ ወላጆቼን ነፍስ ይማር አሉልኝ። ጋሽ ኸድርን ያስታውሷቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እንዴት እረሳዋለሁ! ያ ወርቁን ያቃጠለው?»

«እሳቸው አይደሉም» አልኳቸው። አጥሩ ስር ያለውን ድንጋይ በነጠላዬ ጠረግኩላቸውና፣ «እስቲ ትንሽ ይቀመጡ፤ ልንገርዎት» አልኳቸው።